እንግዳው ካልሄደስ?

ሰላም አንባቢዎች። ባለፈው እትም ክርስቲያን ስደተኛን ስለ መቀበል በአንድ አንቀጽ ነካ አድርጌ አለፍኩ። ደብዳቤው ጎረፈ። አንዳንዱ ይመርቃል፣ አንዳንዱ ይገስጻል። አንዱ ደግሞ «አንተ ቤት ስንት ስደተኛ አለ?» ብሎ ብቻ ጽፏል። (ዛሬ ማንም የለም። ከዚህ በፊት ነበሩ። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።) አምስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ስም የለበትም፤ ጸሐፊውን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ከጦርነት ሸሽተው ለመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ የሚሰጥ ሰው እየፈለገች ነው። እኛ ትርፍ ክፍል አለን። ባለቤቴ ግን «መጀመሪያ የራስ ቤት» ይላል፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8ንም ያነብልኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም እፈራለሁ። የማላውቀው ሰው ልጆቼ አጠገብ ሲያድር ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም። ፈሪ ክርስቲያን ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ኃጢአት አይደለም። የሁለት ልጆች እናት የማታውቀው ሰው ቤቷ ሊያድር ነው ሲባል ምንም ካልተሰማት ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ስለዚህ «ፈሪ ክርስቲያን» የሚለውን እዚሁ እንተወው።

የባለቤትሽን ጥቅስ ግን እንየው፣ ብዙ ሰው እንደ በር መቀርቀሪያ የሚጠቀምበት ጥቅስ ነውና። ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን ክዷል፣ ከማያምን ሰውም ይብሳል ይላል። አዎ፣ ይላል። ግን ምዕራፉ የሚያወራው ስለ መበለቶች ነው። እናታቸውንና አያታቸውን ለቤተ ክርስቲያን ጥለው ዘወር ለሚሉ ሰዎች የተጻፈ ነው። ቁጥር 16 ላይ ጳውሎስ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ የራሳችሁን መበለቶች እናንተ እርዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ማንም ለሌላት መበለት ትድረስ ነው የሚለው። በቃ፣ ጥቅሱ ማንም ለሌለው ሰው ቦታ እንዲተርፍ የተጻፈ ነው። ቁጥር 10 ላይ ደግሞ ክብር የሚገባት መበለት በምን ትታወቃለች ሲል፣ ከሚጠራቸው ነገሮች አንዱ እንግዶችን መቀበሏ ነው። ባለቤትሽ ሁለት ቁጥር ወረድ ቢል ያገኘው ነበር። (ይህን ስትነግሪው ግን ቀስ ብለሽ። ባልን በጥቅስ መርታት ትዳር ውስጥ ብዙም አይጠቅምም።)

እኔ እንደማስበው ችግሩ ያለው «እንግዳ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። በእኛ ቋንቋ እንግዳ ማለት ሊጠይቀን የመጣ ዘመድም ነው፣ ጭርሱን የማናውቀው ባዕድም ነው። አንዷ ቃል ሁለቱንም ትሸከማለች። ስለዚህ ማቴዎስ 25 ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ሲባል ዐይናችን ላይ የሚመጣው ቤት አጽድተን፣ ጥሩውን አንሶላ አውጥተን የምንጠብቀው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ይሄዳል። ከሦስት ቀን በኋላ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ እኛም ተቀበልን ብለን ደስ ይለናል። የኦሪት ሕግ የሚያወራለት ሰው ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ አንዳንዴ መጻተኛ፣ አንዳንዴ ስደተኛ ይለዋል። መሬት የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ ተመልሶ የሚሄድበትም የለውም። እዚያው ነው የሚኖረው።

ታዲያ ሕጉ ለዚህ ሰው ምን አዘዘለት? እንደ ራሳችሁ ውደዱት ይላል፣ ዘሌዋውያን 19፥34። ግን ፍቅሩ እላይ ተንሳፍፎ አይቀርም፣ ወዲያው ወደ ኑሮ ይወርዳል። ስታጭዱ የእርሻችሁን ዳር ተዉለት፣ የወደቀውን እሱ ይቃርመው። ቀን ከሠራ ደመወዙን ፀሐይ ሳትገባ ክፈለው። በሰንበት እሱም ይረፍ። በየሦስተኛው ዓመት ከሚወጣው አሥራት ይብላ። አደባባይ ሲቆምም ሕጉ ለአገር ልጅና ለእሱ አንድ ይሁን። ስለ ትርፍ ክፍል አንድም ቃል የለም! የምለው ገባሽ? ሕጉ ሥራ፣ ክፍያ፣ ዕረፍትና ፍትሕ ነው የሰጠው።

ሩትን እዪ። ሞዓባዊት ናት፤ ያውም ዘዳግም 23 በክፉ ዐይን ከሚያየው ሕዝብ። የቃረመችበት እርሻ ባለቤት ቦዔዝ ለእሷ መጀመሪያ ያደረገላት ምንድን ነው? ለጎበዛዝቱ እንዳይነኳት አዘዘ። ውኃ ሲጠማት ከእነሱ ማድጋ እንድትጠጣ ፈቀደ። ከዚያ ለአጫጆቹ፣ ከነዶው ሆን ብላችሁ ጣል ጣል አድርጉላት፣ አትውቀሷትም አለ። ማታ ተሸክማ የገባችው ገብስ በላቧ የቃረመችው ነው። ምጽዋት መሆኑ እንኳ እንዳይታወቃት ተደርጎ ነው የተሰጣት። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ በዘዴው የምቀናበት ሰው ቦዔዝ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖችም የዋህ አልነበሩም። «የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት» የሚባል በጣም ጥንታዊ አጭር መመሪያ አለ (ዲድስቅልያ ከሚባለው ሌላ መጽሐፍ ጋር እንዳይምታታብሽ)። በጌታ ስም የሚመጣውን ሁሉ ተቀበሉ ይላል። መንገደኛ ከሆነ የቻላችሁትን እርዱት፣ ግን ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ አይቆይ። ሊኖር ከፈለገና የእጅ ሙያ ካለው ይሥራና ይብላ። ሙያ ከሌለው አስባችሁ መላ ፈልጉለት። በዚህ አልስማማም ካለ ደግሞ በክርስቶስ ስም የሚነግድ ነውና ተጠንቀቁት። መቀበልና ገደብ ማበጀት እዚያ አልተጣሉም።

አንቺ ጋ ስንመለስ፣ ባለቤትሽ ካልተስማማ ክፍሉን አትስጪ። ይህን የምለው ለስደተኛው ብዬ ነው። ባልና ሚስት የተጣሉበት ቤት የገባ ሰው ጠቡን በየቀኑ ከፊታቸው ያነበዋል፣ መተንፈስም ይፈራል። ሁለታችሁም እሺ ካላችሁ ደግሞ ማረፊያ ለሚፈልገው የቤተ ክርስቲያናችሁ ኮሚቴ ጥያቄ ይኑራችሁ። ለስንት ጊዜ ነው? ከዚያ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ? ልጆች ስላሉበት ቤት ምን ደንብ አላችሁ? ቢከብደን ለማን እንደውላለን? መልስ የሌለው ኮሚቴ ገና አልተዘጋጀም። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ተራ ሰዎች ተሰባስበው ስደተኛ ቤተሰብ የሚያስመጡበት አሠራር አለ፤ በዚህ ስምምነት የፈረሙት የመጀመሪያዎቹ መኖናውያን ክርስቲያኖች ነበሩ። ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ኃላፊነት ይወስዳል። አንዱ ቤት ይፈልጋል፣ አንዷ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታስመዘግባለች፣ ሌላው ሐኪም ቤት ያደርሳል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሁሉንም አይሸከምም። አንቺም ትርፍ ክፍልሽን ዘግተሽ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልትሰጪ ትችያለሽ፤ ያንሳል የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ሕግ ይከበር ስል ጨካኝ ይሉኛል። ሮሜ 13 ለባለ ሥልጣናት ተገዙ አይልም እንዴ? ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ቤተ ክርስቲያን ስትረዳ ሕግ መጣስን እያበረታታች አይደለም? ደግሞ «ኢየሱስም ስደተኛ ነበር» የሚሏት ነገር ሰልችታኛለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በአንዱ ነገር እደግፍሃለሁ። «ኢየሱስ ሕገወጥ ስደተኛ ነበር» የሚለው አነጋገር አጉል ነው። ያኔ ፓስፖርት የሚያይ ኬላ አልነበረም፤ ግብፅም ይሁዳም በሮም ጥላ ሥር ነበሩ። ግን ማቴዎስ 2ን አንብበው። ሕፃን ገዳይ ንጉሥ አለ። ቤተሰቡ በሌሊት ተነሥቶ የንጉሡ እጅ ወደማይደርስበት አገር ሸሸ፣ ንጉሡ እስኪሞትም እዚያው ቆየ። ስደተኛ ለመባል ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ስለ ሕጉ ግን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥገኝነት መጠየቅ ራሱ ሕጋዊ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33 ሰውን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር አትመልሱ ይላል። አንቀጽ 31 ደግሞ ከአደጋው በቀጥታ የመጣ ሰው ሳይዘገይ ለባለ ሥልጣን ቀርቦ በቂ ምክንያቱን ካስረዳ፣ ያለ ፈቃድ ገባህ ተብሎ እንዳይቀጣ ያዛል። ስምምነቱ መጀመሪያ ከ1951 በፊት በነበረው ነገር ለተሰደዱ ብቻ ነበር፣ የ1967ቱ ፕሮቶኮል ያንን ገደብ አነሣው። ይህን የፈረሙት መንግሥታት ናቸው። ስለዚህ ሮሜ 13ን ከጠቀስክ ይህንንም አብረህ ትቀበላለህ ማለት ነው።

ሌላም ልጨምርልህ። ሮሜ 13ን የጻፈው ሰው ማን ነው? ደማስቆ ላይ የንጉሥ አርስጦስዮስ ሹም በር አስጠብቆ ሊይዘው ሲል፣ በቅርጫት ሆኖ በግንብ መስኮት ወርዶ ያመለጠው ጳውሎስ ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ ራሱ ይተርከዋል። ጳውሎስ ሕግን ያከብር ነበር። በሩ ሲዘጋበት ደግሞ ቅርጫቱን አልናቀም። ዘዳግም 23፥15 ላይም ከጌታው ኮብልሎ የመጣን ባሪያ ለጌታው አትመልስ፣ በመረጠው ቦታ ይቀመጥ ይላል። የዚያ ዘመን ሕጎች የሸሸውን መልስ ነበር የሚሉት።

አንድ አገር ስንት ሰው ይቀበል የሚለው ላይ ክርስቲያኖች በቅን ልብ ሊለያዩ ይችላሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር አልሰጠንም፣ የሰጠን አስመስሎ የሚናገር ሰባኪ ካለም አትመነው። የማንለያየው አጠገባችን ያለውን ሰው እንዴት እንያዘው የሚለው ላይ ነው። ወረቀት የለውም ብሎ ደመወዙን የሚበላበት አሠሪ ሮሜ 13ን መጥቀስ አይችልም። ዘዳግም 24 ያ ሰው ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፣ በአንተም ላይ ኃጢአት ይሆንብሃል ይለዋል።

ሕጉን እያከበሩ እንዴት መርዳት እንደሚቻል ካሳዩት አንዷ ሄግ ከተማ ያለች ቤቴል የምትባል ቤተ ክርስቲያን ናት። የኔዘርላንድ ሕግ ፖሊስ አምልኮ እየተካሄደ ወደ ጸሎት ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። ታዲያ አንድ የአርመን ቤተሰብ ሊባረር ሲል እነሱ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2018 አምልኮ ጀመሩና አላቆሙም። ቀንና ሌሊት፣ 96 ቀን። ከየቦታው በመቶ የሚቆጠሩ ሰባኪዎች እየተፈራረቁ መሩት። ጥር 2019 መንግሥት ልጆች ያሏቸውን እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ጉዳይ እንደገና አያለሁ ሲል አምልኮው አበቃ። ሕጉን አልጣሱም። ሰውየው ሲጸልይ አትንካው የሚለውን ሕግ ይዘው ጸሎቱን አስረዘሙት!

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለደግ አድራጊዎች። ለጥገኝነት ጠያቂ «ቃለ መጠይቁ ላይ እንዲህ ብለህ ጨምርበት» የሚል ወንድም ጉዳዩን ያበላሽበታል። መርማሪዎቹ ቀን ከቀን፣ ቦታ ከቦታ እያስተያዩ ነው የሚጠይቁት። እውነተኛው ታሪኩ የሚበቃው ሰው በተጨመረች አንዲት ውሸት ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። ጠበቃ ፈልጉለት፣ አስተርጓሚ ፈልጉለት፣ ታሪኩን ግን ለእሱ ተዉለት።

ጥያቄ፦ እኔ ስደተኛው ነኝ። ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ልብስ ሰጥተውኛል፣ ይጸልዩልኛል። ስለመጣሁበት መንገድ ሦስት ጊዜ መድረክ ላይ አስመስክረውኛል። ግን ከእሑድ ውጭ ደውሎልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆኔን የጠየቀኝም የለም። ይህን ስል ውለታ ቢስ እንዳልባል እፈራለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን አንብቤ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ወጣሁ። ማይክ ይዘው ከሚያስመሰክሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከዓመታት በፊት አንድን ሰው ሳልጠይቀው «ወንድማችን ታሪኩን ያካፍለናል» ብዬ መድረክ ላይ ጠራሁት። ተናገረ። ጉባኤው አለቀሰ። እሱ ግን ለሦስት ሳምንት ቀረ። ስንገናኝ «ያን ቀን ማታ ባሕሩ እንደገና መጣብኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳልጠይቅ አልጠራሁም። አንተም አልችልም ማለት ትችላለህ። ምክንያት መስጠት የለብህም።

ሐዋርያት ሥራ 28 ላይ ያለውን የማልታን ታሪክ ከአንተ ደብዳቤ በኋላ በሌላ ዐይን አነበብኩት። 276 ሰው መርከብ ተሰብሮበት ራቁቱን ያህል ደሴት ላይ ወጣ። የደሴቲቱ ሰዎች ክርስቲያኖች አልነበሩም። ግን ዝናብና ብርድ ስለነበር እሳት አንድደው ሁሉንም ተቀበሉ። እዚህ ድረስ ሁላችንም እንሰብከዋለን። ቀጥሎ ጳውሎስ ጭራሮ ሰብስቦ ወደ እሳቱ ሲጨምር እፉኝት እጁ ላይ ተጣበቀች። እነዚያ ደግ ሰዎች ወዲያው ምን አሉ? ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ መሆን አለበት! ሳይሞት ሲቀር ደግሞ አምላክ ነው አሉ። ከነፍሰ ገዳይ ወደ አምላክ፣ በአንዴ። መሐል ላይ ያለው፣ ማለትም ሰው መሆኑ፣ ተዘለለ። አንተንም መድረክ ላይ ሲያቆሙህ ጀግና ነህ፣ አንዳንዱ ደግሞ መንገድ ላይ በጥርጣሬ ያይሃል፣ ሰኞ ዕለት ቡና የሚጋብዝህ ግን የለም።

ደግሞ ጭራሮውን ማን ሰበሰበ? እንግዳው ነው። ጳውሎስ ቁጭ ብሎ እሳት አልሞቀም። ኋላም የደሴቲቱን አለቃ አባት ከበሽታው የፈወሰው እሱ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለሁሉም ሳይሆን ለአንድ ሰው ተናገር። ሕንፃውን የሚያስተዳድረውን ሰው ፈልግና «ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ የሚሠራ ነገር ካለ አሳየኝ» በለው። የተቃጠለ መብራት የሌለው የጸሎት ቤት አላውቅም። ግን በነፃ ሲያሠሩህ እንዳይከርሙ። አንዴ በፈቃድህ፣ ከዚያ በክፍያ። የሥራ ፈቃድህ ገና ካልመጣ ደግሞ ክፍያው ጉዳይህን እንዳይነካ ጠበቃህን አስቀድመህ ጠይቅ።

ውለታ ቢስ ስላልከው፣ ምስጋና ዕዳ አይደለም። ለተሰጠህ ልብስ አንዴ አመስግነሃል፣ በቃ። በመጽሐፍ ቅዱሳችን «ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ ብፁዓን ናቸው» ይላል፤ በአማርኛ መሰደድና መሳደድ የሚገናኙበት ቃል ነው። ብፁዕ እያሉህ ስልክ አለመደወላቸው የእነሱ ጉድለት ነው። ይህን ዓምድ የሚያነብ የአንተ ቤተ ክርስቲያን ሰው ካለ፣ ረቡዕ ደውል።

ጥያቄ፦ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ። የሚመጡት አብዛኞቹ የሌላ እምነት ተከታዮች ናቸው። ገላትያ 6፥10 «ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች» ይላል። የእኛን ብቻ ብንረዳ አይሻልም? ካልሆነም ወንጌል እንዲሰሙ ማድረግ የለብንም?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥቅሱ ሲጀምር ለሰው ሁሉ መልካም እናድርግ ነው የሚለው። «ይልቁንም» ማለት ደግሞ «ብቻ» ማለት አይደለም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ ክርስትናን ትቶ ወደ አሮጌዎቹ አማልክት የዞረ ሰው ነበር። ክርስቲያኖችን አይወድም። ግን ለአንድ የጣዖት ካህን ሲጽፍ ያማረረበት ነገር አለ፤ እነዚህ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን ማለቱ ነው) የራሳቸውን ድኾች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ፣ የእኛ ሰዎች ግን ከእኛ ምንም አያገኙም አለ። ከጠላት የተገኘ እንዲህ ያለ ምስክርነት ዛሬ ብናገኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ያኔ የሮም ካቶሊክ ጳጳስ የነበሩት ፍራንሲስም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 ሌስቦስ ወደምትባል የግሪክ ደሴት ሄደው ሲመለሱ በአውሮፕላናቸው 12 ሶርያውያን ይዘው ነበር የተመለሱት። ሁሉም ሙስሊሞች ነበሩ።

ወንጌልን በተመለከተ፣ ከጠየቁ ይንገሯቸው፣ ሳይሸሽጉ። ምግቡንና አልጋውን ግን ከጉባኤ ጋር አያያይዙት። አልጋው በእጅዎ ያለ ሰው ለሚሉት ሁሉ አሜን ይላል። ያንን እምነት ብለው ቢመዘግቡት ራስዎን ነው የሚያታልሉት።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ጎረቤታችን ወዳለው ቤት ስደተኛ ቤተሰብ ሊገባ ነው። ልቀበላቸው እፈልጋለሁ። ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብቻሽን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ሂጂ፣ አሥራ ሁለት ሆናችሁ እንዳትሄዱ። ፎቶ የለም። «እንዴት መጣችሁ?» የለም። መጀመሪያ የሚፈልጉት ደርሰናል ብሎ ለቤተሰብ መናገር ስለሆነ፣ ኢንተርኔት ያለው ስልክ አቀብያቸው። የት መድኃኒት ቤት እንዳለና ቆሻሻ የት እንደሚጣል አሳያቸው። የሚበሉትንና የማይበሉትን ሳትጠይቂ ምግብ ሠርተሽ እንዳትወስጂ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ደክሟቸዋል፣ ይተኙ። ማክሰኞ ተመልሰሽ ሂጂ።